ሙሽራውን አልለቅም ያለው ቀበቶ

ጌታሁን ከቦንጋ ሲደውል ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም። «ጋሽ አደሎ አረፉ» አለኝ። እኔ ታዲያ ምን ብዬ ብመልስለት ጥሩ ነው? «መኪናዋስ?» አልኩት እንጂ! ነፍስ ይማር ሳልል፣ ምን አገኛቸው ሳልል፣ «መኪናዋስ?» አፌን በቆረጠው! ጌታሁን ግን አልተቀየመኝም። ሳቁ አመለጠው፤ እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ሁለታችንም በየስልካችን ተላቀስን። መኪናዋ ግቢያቸው ውስጥ ቆማለች አለኝ፣ ዶሮዎች እየሰፈሩባት።

ጋሽ አደሎን የሚያውቅ ሰው ያለ መኪናቸው ሊያስባቸው አይችልም፤ መኪናዋንም ያለ ቀበቶዋ። እዚህ ደብረ ማርቆስ ስለ ቀበቶዋ ሳወራ ሰው የፈጠራ ይመስለዋል። ባለቤቴ እንኳ «አንቺ ደግሞ ታበዢዋለሽ» ይለኛል። እመብርሃንን፣ ሌላ ነገር ማብዛቴ እውነት ነው፤ ይሄን ግን አላበዛሁም።

ቦንጋ የደረሰኝ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በቅጡ ያልቀዘቀዝኩ የፊዚክስ መምህርት ነበርኩ። ዕጣው ሲወጣ እናቴ «ካፋ? እዚያማ ዝናቡ አያባራም ይባላል» ብላ ሁለት ጃንጥላ አሸከመችኝ። ከጅማ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ጎጀብ ድልድይ አጠገብ ተበላሸና ሰው ሁሉ ወርዶ መንገድ ዳር ተበተነ። ያን ጊዜ አንዲት ዝቅ ያለች ግራጫ አውቶሞቢል መጥታ አጠገቤ ቆመች። በዚያ ፒስታ መንገድ ላይ ከፍ ካለ መኪና በቀር አይሄድም፤ እሷ ግን እንደ ዳክዬ እየተንፏቀቀች መጣች። ሹፌሩ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ፣ ቆብ ያደረጉ፣ አጠር ያሉ ሰው ናቸው።

«መምህርት ነሽ አይደል? ሁለት ጃንጥላ የሚይዝ መምህር ብቻ ነው። ግቢ ልጄ፣ ከፊት።»

ገባሁ። ሰውየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ አንድ ጣታቸውን ወደ ላይ አነሱ፣ «ተዘጋጂ» አሉኝ። ለምኑ? ቁልፉን ሲያዞሩ ከበሩ በላይ ዝዝዝዝ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል አንድ ጥቁር ጠፍር ከፊት መስተዋቱ በኩል ተነሥቶ፣ በበሩ ጣሪያ ላይ እየተንሸራተተ ወደ እኔ ይመጣል። ማንም ሳይነካው! «በስመ አብ!» ብዬ ሳልጨርስ ነጠላዬን ጭምር ጥፍንግ አድርጎ ከወንበሩ ጋር አጣበቀኝ። እንዴት እንደጮህኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

«አይዞሽ፣ ዘበኛው ነው» አሉኝ በጣም ረጋ ብለው። «እስካሁን ማንንም አልነከሰም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዋን አዲስ አበባ የሚኖር አንድ የውጭ አገር ሰው ሲነዳት ቆይቶ፣ አገሩ ሲገባ የሸጣት ናት። ቀበቶዋን ሰው አያስርም፤ ራሷ ናት የምታስረው። በር ተዘግቶ ቁልፍ ሲዞር አንዲት ትንሽ ሞተር ጠፍሩን ከበሩ በላይ ባለ ሐዲድ ላይ እየጎተተች ትከሻ ድረስ ታመጣዋለች፤ ቁልፍ ሲጠፋ ወይም በር ሲከፈት ወደፊት መልሳ ትለቃለች። ሲሠራ ማለቴ ነው። በሹፌሩ በኩል ያለው እንደ ሰዓት ይሠራል። በተሳፋሪው በኩል ያለው ግን አእምሮውን ከሳተ ቆይቷል። አንዳንዴ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ፊትህን ይጋርዳል። አንዳንዴ ታስረህ አሥር ደቂቃ ከሄድክ በኋላ ያለ ምክንያት ለቆህ ይሄድና፣ ትንሽ ቆይቶ ሐሳቡን ቀይሮ ይመለሳል። እንዲለቅ ሲፈለግ የሹፌሩን በር ሦስቴ ዘግቶ መክፈት፣ በጫማ ተረከዝ ወንበሩን ከሥር መታ ማድረግ ያስፈልጋል። ያም ካልሆነ ጋሽ አደሎ ከወንበሩ ሥር ገብተው ሽቦ ይነካካሉ። አማርኛን በሥራ የለመዱት ስለሆነ መኪናዋን አንዴ አንተ፣ አንዴ አንቺ ይሏት ነበር። በጣም ሲናደዱባት ደግሞ ወደ አገራቸው ቋንቋ፣ ወደ ካፊኖኖ ይሻገራሉ፤ እሱን ጎረቤት ሁሉ ይስቅበታል እንጂ ማንም አይተረጉምልኝም።

የማይለወጥ ሕግ ነበራቸው። ከፊት የተቀመጠ ሰው ሳይታቀፍ መኪናዋ አትንቀሳቀስም። የቀበቶ ነገር ሕግ ሆኖ ትራፊክ ፖሊስ መንገድ ላይ መቆም ከመጀመሩ ከብዙ ዓመት በፊት ነው ይሄ። ያኔ በአገሩ ቀበቶ የሚያስር ሰው ፈሪ ይባላል። ጋሽ አደሎ ግን ዘበኛው እስኪሠራ ግማሽ ሰዓትም ቢሆን ይጠብቃሉ። የቸኮለ ሰው «ኧረ ጋሽ አደሎ፣ እንሂድ! እኔ እኮ ልጅ አይደለሁም» ሲል «ልጅማ ብትሆን እኔው እይዝህ ነበር» ይሉታል።

አንድ ጊዜ ለግምገማ ከክልል የመጣ ባለሥልጣን መኪናው ተበላሽቶ እሳቸው ጋ ተሳፈረ። ወፈር ያለ፣ ከረባት ያሰረ ሰው ነው። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ጋሽ አደሎ ጣታቸውን አነሱ፤ ዘበኛው መጣ፤ ሰውየው ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ።

«ምንድን ነው ይሄ? ማን ነው የያዘኝ? ሰውን ያለ ፈቃዱ ማሰር እኮ የመብት ጥሰት ነው!»

«መብትዎ አልተነካም ጌታዬ፣ እዚሁ አብሮዎት ታስሯል» አሉት መሪያቸውን እንደያዙ። «ቦንጋ ስንገባ ከነመብትዎ ይወርዳሉ።»

እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስሬ ነው ሳቄን የዋጥኩት። ሰውየው መጀመሪያ ኮስተር ብሎ ቆየ፣ በኋላ ግን እሱም ሳቀ። በግምገማው ላይም ነገሩን ለአዳራሹ አወራው አሉ።

ሁሉም «ቁረጡትና ተገላገሉ» ይላቸው ነበር። የጅማው መካኒክ መቀስ ይዞ ሁሉ ቀርቦ ነበር። «ዘበኛህ ቢያንቀላፋ ትቀሰቅሰዋለህ እንጂ ታርደዋለህ?» ብለው መቀሱን ቀሙት።

ከእኔ ጋር የተወዳጀነው በፊዚክስ ነው። የማይታዘዝ ተሳፋሪ ሲገጥማቸው ትምህርት ቤት በር ላይ ይቆሙና ያስጠሩኛል። «መምህርት፣ የሚሮጥ ነገር ድንገት ቢቆም ውስጡ ያለው ምን ይሆናል?» እኔ ጠመኔ እንደያዝኩ «መሮጡን ይቀጥላል» እላለሁ። «ሰማህ? መንግሥት ያስተማራት ናት!» ብለው ይሄዳሉ። አንድ ቀንማ ክፍሌ ድረስ መጡ። ሁለት እንቁላልና ከእንጨት የተሠራች የልጅ ጋሪ ይዘው ነበር። አንዱን እንቁላል በጨርቅ ጋሪው ላይ አሰሩት፣ ሌላውን እንዲሁ አስቀመጡት፣ ከዚያ ጋሪውን ገፍተው ከግድግዳው ጋር አላተሙት። ያልታሰረው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ተማሪዎቼ አጨበጨቡ። በፈተናው ላይ አንዱ ልጅ የመጀመሪያውን የእንቅስቃሴ ሕግ «የጋሽ አደሎ ሕግ» ብሎ ጽፎ አገኘሁት። ማብራሪያው ልክ ስለነበር ሙሉ ማርክ ሰጠሁት።

እንከን አልነበረባቸውም አልልም። የጠፍሩ ጫፍ ከሐዲዱ ጋር የሚያያዝበት ላይ አንዲት ቀይ ቁልፍ አለች። ለክፉ ቀን ተብላ የተሠራች ናት፤ ስትጫናት ጠፍሩ ይላቀቃል። አንድ የደካ ነጋዴ ይህችን አገኛትና ለዞኑ ሁሉ አወራ። በሳምንቱ የተሳፈረ ሁሉ ቁልፏን እየተጫነ ዘበኛውን ማባረር ጀመረ። ጋሽ አደሎ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? የመዳብ ሽቦ አምጥተው ቀይዋን ቁልፍ ከላይ እስከ ታች ጠምጥመው ጠምጥመው ቀበሯት።

«ኧረ ጋሽ አደሎ! እሷ እኮ የአደጋ ጊዜ ማምለጫ ናት» አልኳቸው።

«መምህርት፣ ማምለጫ ካለ ሰው ያመልጣል።»

ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ፊዚክስም አያስፈልገውም። ግን አልተከራከርኳቸውም። ስቄ አለፍኩ።

ነገሩ ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ በሦስተኛው ዓመት ነው። ከጅማ የፈተና ወረቀት ይዘን ስንመለስ፣ የጎጀብን ቁልቁለት ስንወርድ አንድ ጠመዝማዛ ላይ መኪናዋን ዳር አስያዙ። ወረዱ። ቆባቸውን አውልቀው ሳሩ ላይ ቆሙ። ዘበኛው አልለቅሽም ስላለኝ እኔ በመስኮት ነው የማያቸው። ሲመለሱ «ምን ሆኑ?» አልኳቸው።

«ተክሌ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ» አሉ። «የግብርና ባለሙያ። እኔ የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ነበርኩ። ከቢታ ገነት እስከ ደካ አብረን ያልረገጥነው ቀበሌ የለም። የዚያን ዕለት ዝናብ ነበር። መኪናው አንዴ ብቻ ነው የተገለበጠው፣ እዚህ ሳሩ ላይ። እኔን መሪው ያዘኝ፤ ቆዳዬ እንኳ አልተላጠም። እሱን የሚይዘው አጣ። በሩ ተከፈተና ወረወረው።»

በመስኮት ሳሩን አየሁት።

«ፍርድ ቤት ጥፋት የለብህም ብሎ ለቀቀኝ። ሚስቱ እትዬ አስካለ ግን ፍርድ ቤት አይደሉም። ዋጫ ነው ቤታቸው። ለቀብሩ ስሄድ በሩ ላይ ቆመው ‹ይዘኸው ሄድክ፣ ሳትመልሰው መጣህ፤ ይሄን ግቢ እንዳትረግጥ› አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ይዤው ሄድኩ፣ አልመለስኩትም።» ቆባቸውን በጉልበታቸው ላይ አሽከረከሩት። «ዐሥራ አንድ ዓመት ሊሆን ነው። በየዓመቱ ሙት ዓመቱ ሲደርስ ዋጫ ሄጄ ከበሩ ማዶ ቆሜ እመለሳለሁ። በዚያ በር አንድ ቀን ግባ ብባል ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ከዚያ ትንሽ ፈገግ አሉ። «ይህችን መኪና የገዛኋት ለቀበቶዋ ነው። ሻጩ ሲያሳየኝ፣ ሰው ሳይለምነው በራሱ የሚይዝ ቀበቶ! ቆሜ አለቀስኩ። ሰውየው ዋጋው በዝቶብኝ መሰለው።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ያ ጠፍር ሲያቅፈኝ ጮኼ አላውቅም።

አሁን ወደ ጌታሁን ልምጣ። ጌታሁን የስፖርት መምህራችን ነበር፤ የአርሲ ልጅ፣ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ሆዱ የሕፃን። በዞኑ የስፖርት ውድድር ላይ ሰላማዊት የምትባል የቢታ ገነት ጤና ጣቢያ ነርስ አየና በቃ፣ ልቡ እዚያው ቀረ። ሽማግሌ ተላከ፣ ተፈቀደ፣ ቀን ተቆረጠ። ዘመዶቹ ሩቅ ስለሆኑ እኛ መምህራኑ ቤተ ዘመዶቹ ሆንን። ለሙሽራ የምትሆን አውቶሞቢል ደግሞ በከተማው የጋሽ አደሎ ብቻ ናት። ጌታሁንን እሳቸው ጋ ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ።

«የት ነው የሙሽሪት ቤት?» አሉት።

«ዋጫ።»

«የማን ልጅ ናት?»

«አባቷ በልጅነቷ ነው የሞቱት። እናቷ እትዬ አስካለ ይባላሉ።»

እኔ ደነገጥኩ። ጋሽ አደሎ ቆባቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «እነዳለሁ» አሉ።

ጌታሁን ደስ ብሎት ሲሄድ እኔ ወደኋላ ቀረሁ። «ጋሽ አደሎ፣ ለልጁ ይንገሩት እንጂ! ሰርጉ ላይ ጠብ ቢነሣስ?»

«ከነገርኩት ሌላ መኪና ይፈልጋል። መምህርት፣ እባክሽ።»

እንደ አባቴ የማያቸው ሰው እባክሽ ሲሉኝ እኔ ማን ነኝ? አፌን ዘጋሁ። የሰርጉ ቀን እስኪደርስ ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

የዚያው የሦስተኛው ዓመቴ ጥር ነበር፤ ካፋ በጥርም ዝናብ አያጣትም። መኪናዋ ታጥባ፣ ሪባንና አበባ ተደርጎባት እሷ ራሷ ሙሽራ መስላለች። ጋሽ አደሎ ለሙሽሪት ሻንጣ ቦታ ይኑር ብለው የዕቃ መጫኛውን ባዶ አድርገውታል። ፒንሳው፣ መፍቻው፣ ሁሉም ቤት ቀረ። ጌታሁን እንደ ደንቡ ከኋላ በሚዜዎቹ መካከል ሊቀመጥ ሲል ከለከሉት።

«ከኋላ የሚይዝህ የለም። ከፊት።»

«ጋሽ አደሎ፣ ሙሽራ እኮ ነኝ!»

«ለዚያ ነው።»

ከፊት ተቀመጠ። እኔ ከሁለቱ ሚዜዎች ጋር ከኋላ ተጠቀጠቅኩ። ዘበኛው ያን ቀን ያለ ምንም ምክር በአንድ ጊዜ መጥቶ ጌታሁንን ከነአበባው አቀፈው። ውሽውሽን አልፈን ዋጫ እስክንደርስ ጋሽ አደሎ ቆባቸውን ደጋግመው ሲያስተካክሉ ነበር።

ግቢው በር ላይ ስንደርስ የሙሽሪት ጓደኞች እንደ ልማዱ በሩን ይዘው፣ አትገቡም እያሉ ይዘፍናሉ፣ ያጨበጭባሉ። ጋሽ አደሎ ዓይናቸው በሩ ላይ ነበርና ከፊት ያለችውን ቦይ አላዩዋትም። የፊት ጎማ ጓ ብሎ ገባ። መኪናዋ ስትናጥ ቀበቶው ጌታሁንን ወደ ኋላ ስቦ ክርችም አለ። ሞተር ጠፋ። ቁልፉን ሲያጠፉት በሹፌሩ በኩል ያለው ዝዝዝ ብሎ ለቀቃቸው። በሙሽራው በኩል ያለው ግን ፍንክች!

ጋሽ አደሎ በራቸውን ሦስቴ ከፍተው ዘጉ። ወንበሩን በተረከዛቸው መቱ። ፍንክች። ቀይዋ ቁልፍ በሽቦ ተቀብራለች፤ ሽቦውን የሚፈታው ፒንሳ ቦንጋ ነው። ከሥር ሾልኮ ይውጣ እንዳይባል ጌታሁን የሚሾልክ ሰው አይደለም። ቢሾልክስ በአማቾቹ በር፣ በዚያ ጭቃ ላይ በአራት እግሩ ነው የሚወጣው። ሚዜዎቹ አንዱ እጁን አንዱ እግሩን ይጎትታሉ። «ቀስ! ሱፌ! ሱፌ!» ይላል እሱ።

ከውጭ የሚያይ ሰው ይሄን ሁሉ መቼ ያያል? የሚያየው በር ተከፍቶለት ከወንበሩ የማይነሣ ሙሽራ ነው። ልጃገረዶቹ መጀመሪያ ይበልጥ ዘፈኑ፣ ከዚያ ዘፈኑ ቀዘቀዘ። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ገባ። በሩ ላይ «ሙሽራው አልወርድም አለ» ነበር። ዳሱ ጋ ሲደርስ «ሙሽራው ተቆጥቷል» ሆነ። ወጥ ቤት ሲገባ «ሌላ ሚስት አለችው አሉ፣ ወጡን አታውጡ» ሆኖ አረፈው።

የሙሽሪት አጎት ዱላቸውን ይዘው መጡ። «ልጃችንን ንቆ ነው? ይውረድ ወይ ይመለስ!» ጌታሁን ላቡ እየወረደ «አባቴ፣ ልውረድ ነው፣ መኪናዋ ናት» ይላል። ማን ይሰማዋል? ጋሽ አደሎ ከወንበሩ ሥር ገብተው ሽቦውን ይነካካሉ፤ ያ ነገር ጊዜ ይፈልጋል፣ ጊዜ ደግሞ ማንም አልሰጣቸውም። ከዳሱ አንዱ የሥጋ ቢላዋ ይዞ ሮጦ መጣና «ምን ታስባላችሁ? ቁረጡት!» ብሎ እጃቸው ላይ አስቀመጠላቸው።

ጋሽ አደሎ ቀና አሉ። በአንድ እጃቸው ቢላዋውን፣ በሌላው ጠፍሩን ያዙ። ፊታቸውን አየሁት። ካልቆረጡት ሰርጉ ይፈርሳል፤ በእሳቸው መኪና፣ በዚያው በር ላይ። ከቆረጡት ደግሞ ስንት ዓመት ከሰው ሁሉ የተጣሉለት ነገር በሥጋ ቢላዋ አለቀ። ከመኪናዋ ወርጄ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«አደሎ?»

ሰው ሁሉ ዞረ። እትዬ አስካለ ናቸው፤ በሀገር ልብስ፣ ቀጥ ብለው። ጋሽ አደሎ ቢላዋውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ዋጫ ላይ ታሪኩን የማያውቅ የለም። የማያውቀው ጌታሁን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ታስሯል።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ እትዬ አስካለ ወደ ጠፍሩ እያዩ።

«ቀበቶ ነው እትዬ። መኪና ሲገለበጥ ሰው እንዳይወጣ የሚይዝ ነው።»

«የያኔው መኪና ይሄ ነበረው?»

«አልነበረውም።»

«ቢኖረውስ?»

«ቢኖረው ዛሬ ልጁን የሚድረው እሱ ነበር» አሉ ጋሽ አደሎ።

እትዬ አስካለ እጃቸውን ዘርግተው ቢላዋውን ተቀበሉና ለአጎትየው ሰጡ።

«ታዲያ ለምን ትቆርጠዋለህ? እንዴት ነው የሚፈታው?»

«ሰው በእኔ ወንበር ተቀምጦ፣ በር ዘግቶ ቁልፉን ማዞር አለበት፤ እኔ ከሥር ሽቦውን ስይዝ። ጊዜ ይፈልጋል።»

«ጊዜ አለን» አሉ እትዬ አስካለ። ከሚዜዎቹ አንዱ እኔ ልቀመጥ ሲል እሳቸው ቀድመው ዞረው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሹፌሩ ወንበር ላይ ጉብ አሉ። በሩን ዘጉ። ጋሽ አደሎ ከሙሽራው እግር ሥር ተንበርክከው «አሁን ያዙሩት እትዬ» አሉ። አዞሩት። ምንም። «እንደገና።» ምንም። «አንዴ ደግሞ።»

ዝዝዝዝ! ዘበኛው ጌታሁንን ለቀቀው። ልጁ እንደ ከረጢት በሚዜዎቹ ላይ ወደቀ። እልልታው ቀለጠ። ለካስ በሹፌሩ በኩል ያለውን፣ ያን ጤነኛውን፣ ሁላችንም ረስተነዋል። ቁልፍ ዞሯል፣ በር ተዘግቷል፣ ሽቦው ሲገናኝ ኃይል ደርሶታል፤ እሱ ሥራውን ያውቃል። ተንሸራትቶ መጥቶ የሙሽሪትን እናት ጥፍንግ!

እልልታው በአንዴ ቆመ። እትዬ አስካለ ጠፍሩን አዩት፣ ወደፊት ሳብ ብለው ሞከሩት። ከዚያ ሳቁ። የሳቃቸው መጨረሻ ለቅሶ ሆነ፤ ለቅሷቸውን ሲጨርሱ መልሰው ሳቁ።

«ይይዛል» አሉ።

«ይይዛል» አሉ ጋሽ አደሎ፣ ገና ከተንበረከኩበት ሳይነሡ።

«በል ተነሣ፣ ግባ። ሰርገኛ በባዶ ሆዱ አይነዳም።»

ልጃገረዶቹ በሩን ለማን እንደሚከለክሉ ጠፍቷቸው ብርግድ አድርገው ከፈቱት። ጋሽ አደሎ ቆባቸውን አወለቁ፤ ደፉን ሲሻገሩ እግራቸውን ከፍ አድርገው፣ ከፍ ያለ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ነበር የገቡት። እትዬ አስካለ በእጃቸው አጎረሷቸው። እኔ ምን ልበል፤ አልበላሁም፣ ሳለቅስ ነው የዋልኩት። ደስታ ነበር።

መሄጃችን ሲደርስ እኔም አንድ ጊዜ መምህርት ሆንኩና፣ ቀይዋ ቁልፍ ካልተፈታች አልሳፈርም አልኩ። ከጎረቤት ፒንሳ መጣ፤ ጋሽ አደሎ ሽቦውን አንድ በአንድ ፈቱት። «ልክ ነሽ። መያዝም ልክ አለው» አሉኝ። ከዚያ ሙሽራና ሙሽሪት ከኋላ ሊገቡ ሲሉ እትዬ አስካለ የልጃቸውን ክንድ ያዙ።

«አንቺ ከፊት።»

አጎትየው ዘለሉ። «ሙሽሪት ከሙሽራው ተለይታ? ደንብ አይደለም!»

«ደንቡ ልጄን አይዛትም» አሉ እትዬ አስካለ።

እንግዲህ ጌታሁን፣ ያ ግዙፍ ሙሽራ፣ ከኋላ በእኔና በሚዜው መካከል ጉልበቱን አቅፎ ተጠቀጠቀ። ሌላው ሚዜ በሌላ መኪና መጣ። ሰላማዊት በቬሏ ከፊት ተቀመጠች፤ ዘበኛው መጣ፤ እናትየው በመስኮት እጃቸውን አስገብተው ጠፍሩን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሳብ ሳብ አድርገው ፈተሹት። ከዚያ በሹፌሩ በኩል ዞረው መጡ።

«አደሎ፣ ልጄን ይዘህ ቀስ ብለህ ንዳ» አሉ።

እንደዚያ ቀን ያለ አነዳድ በዓለም ላይ ታይቶ አይታወቅም። የሰርገኛው መኪኖች ጡሩምባቸውን እየነፉ ተራ በተራ አለፉን። አህያ የጫነ ገበሬ አለፈን። ሁለት አሮጊቶች በእግራቸው አልፈውን፣ ወደኋላ ዞረው «እንኳን ደስ ያላችሁ» አሉን። ቦንጋ ላይ ሰው ደግሶ ይጠብቃል፤ ጌታሁን «ኧረ ጋሽ አደሎ፣ በእናትዎ፣ ሰው በረሃብ አለቀ!» ይላል፤ ሙሽሪት ትስቃለች። እኔም መታገሥ አቃተኝና «ጋሽ አደሎ፣ ትንሽ ፈጠን ቢሉስ?» አልኳቸው።

በመስተዋቱ ውስጥ አዩኝ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶታል፣ አፋቸው ግን ይስቃል።

«መምህርት፣ ንዳ እስክባል ዐሥራ አንድ ዓመት ጠብቄያለሁ» አሉኝ። «ዛሬ ማንም አያስቸኩለኝም።»